መልስ፦ ዶክመንተሪውን ከየት ልጀምር ላልከው

"ኢንተርኔት የባሕር ዳርን ሰው ኑሮ እንዴት እንደቀየረ አጭር ዶክመንተሪ ልሠራ ነው፤ ከየት ልጀምር?" ብለሃል። ወንድሜ፣ እኔ ብሆን ኢንተርኔት ከጠፋበት ጊዜ ነው የምጀምረው። ነሐሴ 2015 ላይ በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ ምን ያህል እንደተደገፍንበት ገባን። እናቴ ውጭ አገር ያለችውን እህቴን ለወራት በቪዲዮ አላየቻትም። በስልክ ድምፅ ብቻ "ከስተሻል እንዴ ልጄ?" ትላት ነበር። እሱ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። እንደዚህ ዓይነት እናቶችን ፈልገህ አናግራቸው፤ ፊልሙ ያለው እነሱ ጋር ነው።

ከዚያ ወደ ጣና ዳር ውረድ። በደንገል ታንኳ የሚያጠምዱትን ዛሬ ገዢ እንዴት እንደሚያገኙ ጠይቃቸው። ዘጌ ገዳማትን የሚያስጎበኙትንም አትዝለል።

የዓለሙን ታሪክ አታብዛው፣ አንድ ትዕይንት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1969 የኢንተርኔት መነሻ በሆነው መረብ ከሎስ አንጀለስ ኮምፒውተር ወደ ስታንፎርድ ኮምፒውተር "ሎግኢን" (LOGIN) የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ሊላክ ተሞከረ። ሁለት ፊደል (LO) ብቻ እንደሄደ ሲስተሙ ወደቀ። ያችን ሁለት ፊደል ከእናትየዋ ድምፅ ቀጥለህ ብታስገባት ደስ ይለኛል።

ገዳም ስትገባ ግን ካሜራ ከማውጣትህ በፊት አባቶችን አስፈቅድ።