ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ የወደቀ ልጅ መንገድ አይደለም፦ እንግሊዝ ላላችሁ ወላጆች

ሰላም ወገኖች፣ ይሄን የምጽፈው እንግሊዝ ውስጥ ልጁ ኤ ሌቭል ለደረሰበት ወይ ሊደርስ ላለ ወላጅ ነው፣ ልጆቹ ራሳቸው አማርኛ የሚያነቡ ከሆነ ደሞ እሰየው። እኔ ሚድላንድስ አካባቢ ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዓመት ሰርቻለሁ፣ ለአፕረንቲስ፣ ማለትም ተቀጥረው እየሰሩ ለመማር፣ የሚያመለክቱ ልጆችን ኢንተርቪው የማድረግ እድልም አጋጥሞኛል፣ እና ሁሌ የሚያናድደኝ ነገር የእኛ ልጆች አለመምጣታቸው ነው። የሌላው አገር ሰው ልጅ ይመጣል፣ የኛ ግን የለም፣ ጎበዝ ስለሌለን እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን፣ በሂሳብና በፊዚክስ ጥሩ ውጤት ያላቸው ልጆች ሞልተዋል።

ምክንያቱ ግን ይገባኛል። አፕረንቲስ ሲባል ወላጅ ቶሎ የሚታየው አገር ቤት ያለው ቴክኒክና ሙያ ነው፣ ያ 10ኛ ክፍል ነጥብ ያልመጣለት ልጅ ይላክበት የነበረው፣ እና ልጄን ለዚህ ነው ወይ ያሳደኩት ይላል። በዚያ ላይ ብረት የሚቀጠቅጠውን ቡዳ እያልን የኖርን ሰዎች ነን፣ አጼ ምኒልክ ሳይቀሩ ባለሙያን በስራው አትሳደቡ ብለው አዋጅ እስኪያስነግሩ ድረስ፣ ያ ነገር ለንደን ድረስ ተከትሎን መጥቷል ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ኢንጂነር ሲባል ደስ ይለናል፣ እጁ ግሪስ የነካ ኢንጂነር ሲባል ግን ፊታችን ይለወጣል።

እሺ እንግዲህ ነገሩ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ዲግሪ አፕረንቲስሺፕ በፈረንጆቹ 2015 የተጀመረ ነው፣ ሌቭል 6 ነው፣ ይሄ ማለት መጨረሻ ላይ የሚሰጠው ያው ሙሉ ባችለር ዲግሪ ነው፣ ከዩኒቨርሲቲ የሚሰጥ፣ ግማሽ ወይ ሰርተፍኬት ምናምን አይደለም። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የድርጅቱ ተቀጣሪ ነው፣ ደሞዝ አለው፣ የዓመት እረፍት አለው፣ የሚማረውም በስራ ሰዓቱ ነው፣ አንዳንዱ በሳምንት አንድ ቀን ዩኒቨርሲቲ ይሄዳል፣ አንዳንዱ ደሞ በየጊዜው ተሰብስቦ ሳምንት ሙሉ ይማራል። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 5 ዓመት ይፈጃል። ለትምህርቱ ልጁ አንድ ሳንቲም አይከፍልም፣ መክፈል ቢፈልግ እንኳን ህጉ አይፈቅድም።

ታዲያ ማን ይከፍላል? አሰሪውና መንግስት። ከ2017 ጀምሮ በዓመት የደሞዝ ወጪው ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያልፍ ድርጅት 0.5 በመቶ ለአፕረንቲስ ስልጠና ይቆረጥበታል፣ ይሄን ብር ደሞ በጊዜው ካልተጠቀመበት ያልፍበታል፣ ስለዚህ ትልልቆቹ ድርጅቶች አፕረንቲስ የሚፈልጉት ለጽድቅ አይደለም፣ የከፈሉበት ስለሆነ ነው። ይሄን ስታውቁ ልጃችሁ ለምኖ የሚገባበት ቦታ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

በሌላ በኩል ዩኒቨርሲቲውን አስቡት፣ ለ2025/26 የትምህርት ዓመት ክፍያው 9,535 ፓውንድ ነበር፣ በ3 ዓመት 28 ሺህ አለፈ ማለት ነው፣ የኪራይና የምግቡ ሎን ሳይጨመር። ከ2023 ወዲህ የገቡ ልጆች ለ40 ዓመት ያህል ከደሞዛቸው ላይ ሊቆረጥባቸው ይችላል፣ በዓመት ከ25 ሺህ ፓውንድ በላይ ካገኙት ላይ 9 በመቶ። ወለድ ስለምንሸሽ ሎን አንወስድም ለምትሉ ሙስሊም ወገኖች ደሞ ይሄ መንገድ ጭራሽ ለናንተ የተሰራ ይመስላል፣ ሎን የሚባል ነገር የለበትማ።

ደሞዙ በህግ ዝቅተኛው ከኤፕሪል 2025 በሰዓት 7.55 ፓውንድ ነበር፣ ከኤፕሪል 2026 ደሞ 8 ፓውንድ፣ ትልልቆቹ ግን ከዚህ በላይ ነው የሚከፍሉት። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፣ ልጁ አፕረንቲስ ሲሆን ቻይልድ ቤነፊት ይቆማል፣ ዩኒቨርሳል ክሬዲት ያላችሁም ያው የልጁ ድርሻ ላይ ለውጥ ይመጣል፣ ቀድማችሁ አስሉት እንጂ በኋላ ደብዳቤ ሲመጣ አትደንግጡ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ወላጆች የማይገባቸው ነገር ይሄ ትምህርት ከመሆኑ በፊት ስራ ነው፣ ማመልከቻውም የስራ ማመልከቻ ነው። ዩኒቨርሲቲ በዩካስ ታመለክታለህ፣ ውጤት ከመጣልህ ትገባለህ፣ እዚህ ግን ኤ ስታር ያመጣ ልጅ ሊጣል፣ ቢ ያለው ልጅ ሊወሰድ ይችላል፣ ምክንያቱም የሚመርጠው ዩኒቨርሲቲው ሳይሆን አሰሪው ነው። ሂሳብ ያስፈልጋል፣ ፊዚክስ ወይ ዲዛይን ኤንድ ቴክኖሎጂ ብዙ ቦታ ይጠየቃል፣ ከኤ ሌቭል ሌላ ያሉትን የሙያ ትምህርቶች ቢቴክና ቲ ሌቭልንም ይቀበላሉ፣ ግን ያ በሩን መክፈቻ ብቻ ነው። ዩካስ ውስጥ ካሉት 5 ምርጫዎች ጋር አይጋጭም፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን ማስኬድ ይቻላል፣ እንደውም አስኪዱት።

በማኑፋክቸሪንግ በኩል ሁለት የሚቀራረቡ ዘርፎች አሉ፣ ልጆች ልዩነቱን ሳያውቁ ነው የሚያመለክቱት። የፕሮዳክት ዲዛይን ኢንጂነሩ እቃው ምን ይሁን የሚለውን ነው የሚሰራው፣ ቅርጹ፣ ከምን ይሰራ፣ ምን ያህል ጫና ይቻል፣ ስንት ይውጣበት። የማኑፋክቸሪንግ ኢንጂነሩ ደሞ ያንኑ እቃ በቀን ሺህ ጊዜ አንዱ ከአንዱ ሳይለይ እንዴት እናውጣው የሚለውን፣ ማሽኑን፣ መስመሩን፣ ብክነቱን፣ ጥራቱን። ኢንተርቪው ላይ ለምን ይሄን መረጥክ ሲባል ኢንጂነሪንግ ስለምወድ ብሎ የሚመልስ ልጅ እዛው ላይ ነው የሚቀረው።

አንድ ልጅ ፖርትፎሊዮ (የሰራውን ስራ የሚያሳይበት ስብስብ) ምንም የለኝም ብሎ ሲጨነቅ ቤታችሁ የኤሌክትሪክ ምጣድ አለ ወይ አልኩት፣ ሳቀ፣ ግን የምሬን ነው። ከአዲስ አበባ የሚመጣው ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ የዚህ አገር ፕለግ ፊውዝ ደሞ 13 አምፒር ነው፣ በ230 ቮልት ስታባዙት 3 ኪሎዋት አይሞላም፣ እናታችሁ ስትጋግር ፊውዝ የሚቃጠለው ለዚህ ነው። ሽቦው ሸክላው ላይ በተቀደደ ቦይ ውስጥ ተጠምዝዞ ነው የሚቀመጠው፣ ሸክላ ደሞ ሙቀት ቶሎ አያስተላልፍም፣ ስለዚህ ለመሞቅ ጊዜ ይፈጃል፣ መሀልና ዳሩም እኩል አይሞቅም፣ እንጀራው አንድ ጎኑ አይን አውጥቶ ሌላው ጎኑ ድፍን የሚለው አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ልጁ በርካሽ ቴርሞሜትር የተለያየ ቦታ ሙቀቱን ለክቶ በሰንጠረዥ ያስቀምጥ፣ ኮምፒውተር ላይ በፊውዥን ወይ በኦንሼፕ በሚባሉት የመሳያ ሶፍትዌሮች ይሳለው፣ ሽቦው እንዴት ቢጠመዘዝ ሙቀቱ ይስተካከላል ብሎ ሁለት ሶስት አማራጭ ያቅርብ፣ ከዛ የማኑፋክቸሪንጉን ጥያቄ ራሱን ይጠይቅ፣ ሸክላ ሲደርቅና ሲተኮስ ይሸበሸባል፣ መጠኑ ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል፣ እና ይሄን በቀን 500 ላምርት ብል ቶለራንሱን (የሚፈቀደውን የመጠን ልዩነት) እንዴት ነው የምይዘው፣ ሸክላውን ትቼ በሌላ ነገር ልተካው ወይ፣ ከተካሁት እንጀራው ያው እንጀራ ይሆናል ወይ። (ሶኬት ላይ እንዳለ እንዳትነካኩት አደራ፣ መፍታት ካለበትም ከሚያውቅ ሰው ጋር።) ኢንተርቪው የሚያደርገው ሰው በየቀኑ ድሮን ሰራሁ የሚል ልጅ ነው የሚያየው፣ ምጣድ ይዞ የመጣ ልጅ አይቶ አያውቅም፣ ጠያቂው ራሱ ወሬው ጥሞት ሰዓቱ ያልፋል።

ኢንተርቪውና አሰስመንት ሴንተር (አመልካቾች ተሰብስበው በግሩፕ ስራና በፈተና የሚመዘኑበት ቀን) ላይ የኛን ልጆች የሚጎዳቸው ደሞ ጨዋነታቸው ነው፣ በቁም ነገር ነው የምላችሁ። ትልቅ ሰው ሲናገር አይንህን ስበር፣ አታቋርጥ፣ ራስህን አታወድስ ብለን አሳድገናቸው ይመጡና በግሩፕ ስራ ላይ ጭጭ ይላሉ፣ ሲጠየቁም ሁሉንም «እኛ» ይላሉ፣ እኛ ሰራን፣ እኛ አስተካከልን። ጠያቂው ነጥብ የሚሰጠው ግን አንተ ራስህ ምን አደረግክ ለሚለው ነው፣ ሁኔታው ምን ነበር፣ ያንተ ድርሻ ምን ነበር፣ ምን አደረግክ፣ ምን ውጤት መጣ፣ በዚህ ቅደም ተከተል። ቤት ውስጥ ጮክ ብለው ይለማመዱት፣ አባት ጠያቂ ይሁን፣ እንግሊዝኛው የሚከብዳችሁ ብትሆኑ እንኳን በአማርኛ ጠይቋቸው፣ ዋናው ስለራሱ ሳያፍር መናገር መልመዱ ነው። ቤተክርስቲያን የሰንበት ትምህርት ማስተማር፣ አባት ሱቅ ውስጥ እቃ መቁጠር፣ ለአያት ሆስፒታል ማስተርጎም፣ ይሄ ሁሉ ሀላፊነት የመሸከም ማስረጃ ነው፣ ልጆቹ ግን ይሄማ ምኑ ይነገራል ብለው ይተውታል።

ቦታውን በተመለከተ፣ አብዛኞቻችን ለንደን ነን ስራው ግን ለንደን አይደለም። ሮልስ ሮይስ ደርቢ ነው፣ ጃጓር ላንድ ሮቨር ኮቨንትሪና በርሚንግሃም ዙሪያ፣ ኤርባስ ብሪስቶል አጠገብ ፊልተን እና ዌልስ ውስጥ ብሮተን፣ ሸፊልድ አጠገብ የዩኒቨርሲቲው የማኑፋክቸሪንግ ምርምር ማዕከል፣ ኤኤምአርሲ የሚባለው፣ ማሰልጠኛ አለው፣ ኮቨንትሪ ላይ ደሞ ኤምቲሲ የሚባለው የማኑፋክቸሪንግ ቴክኖሎጂ ማዕከል አለ። ዳይሰን ደሞ ማምስበሪ ላይ የራሱን ተቋም በ2017 ከፍቷል፣ ልጆቹ አንደኛውን ዓመት እዛው ግቢ ይኖራሉ፣ ደሞዝ እየተከፈላቸውም ዲግሪ ይይዛሉ፣ ፉክክሩ ግን ከባድ ነው። እና በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ፣ ማንም ዘመድ የሌለበት ከተማ አልልክም ብትሉ ይገባኛል፣ ግን ማንችስተር ወይ ሊድስ ዩኒቨርሲቲ ስትሄድ ችግር ያልሆነው ደርቢ ስትሄድ ለምን ችግር እንደሚሆን እኔ አይገባኝም። የኪራዩን ግን ቀድማችሁ አስቡ፣ አንደኛ ዓመት ደሞዙ ይከብዳል፣ ዲፖዚት ቤተሰብ ቢረዳ ጥሩ ነው። ትንንሽ ድርጅቶችንም አትናቁ፣ 60 ሰው ያለው ሻጋታ የሚሰራ ፋብሪካ ውስጥ ልጁ በሁለተኛው ዓመት ትልቁ ድርጅት በአራተኛው የማያስነካውን ማሽን ሊነካ ይችላል።

ወረቀታችሁን ደሞ እዩ። ለስልጠናው ገንዘብ ብቁ ለመሆን አብዛኛው ሰው ከመጀመሩ በፊት 3 ዓመት እዚህ የኖረ መሆን አለበት፣ የስራ ፈቃድም ያስፈልጋል፣ የስደተኛ ስታተስ የተሰጣቸው ግን 3 ዓመቱን መጠበቅ የለባቸውም፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። እንደ ቢኤኢ ሲስተምስ ያሉ የመከላከያ ድርጅቶች ሴኩሪቲ ክሊራንስ (የደህንነት ማጣሪያ) ይጠይቃሉ፣ ለዛ ብዙ ጊዜ የ5 ዓመት ነዋሪነት ይታያል፣ አንዳንዱ የስራ ቦታ ዜግነትም ይጠይቃል፣ ስለዚህ ከማመልከታችሁ በፊት ማስታወቂያውን እስከታች አንብቡት። ስኮትላንድ ያላችሁ ግራጁዌት አፕረንቲስሺፕ የሚባል ተመሳሳይ አላችሁ፣ ህጉ ግን ለየት ይላል።

መጥፎ ጎኑንም ልናገር። ይደክማል። ጓደኞቹ ዩኒቨርሲቲ ሶስት ወር ክረምት ሲያርፉ እሱ ጠዋት ተነስቶ ስራ ይገባል፣ ማታ አሳይንመንት አለበት፣ በዚያ ላይ የተማረውን ስራ ላይ እንዳዋለ እየመዘገበ ማስረጃ ማጠራቀም አለበት፣ ይሄን መዝገብ የሚያዘገዩ ልጆች መጨረሻው ፈተና ላይ ይሰቃያሉ። አሰሪው ሊዘጋም ይችላል፣ ሆንዳ ስዊንደንን በ2021 ዘግቶ ሄዷል። ልጁ ስራው ከተቋረጠበት ትምህርቱን ከ75 በመቶ በላይ ከጨረሰ ወይ 6 ወር ብቻ ከቀረው ያለ አሰሪም እንዲጨርስ መንግስት ይከፍላል፣ ከዛ በታች ከሆነ ግን 12 ሳምንት ውስጥ ሌላ አሰሪ መፈለግ ነው። ስትጨርስ ስራው ይቀጥላል ወይ የሚለውንም ከመፈረሙ በፊት ይጠይቅ፣ ኮንትራቱ ላይ ይየው፣ አያፍርበት።

ለትልልቆቹም፣ የዕድሜ ገደብ የለውም። ባህር ዳር ፖሊ ወይ አምስት ኪሎ መካኒካል ተምራችሁ እዚህ ታክሲ የምትነዱ አላችሁ፣ ዲግሪ ቢኖራችሁም ስልጠናው አዲስ እውቀት የሚሰጣችሁ እስከሆነ ድረስ መግባት ይቻላል፣ የትምህርት ማስረጃችሁን የውጭ አገር ዲግሪ በሚገመግመው ዩኬ ኢኒክ አስገምግማችሁ ያዙ፣ የምታውቁት ተቆጥሮላችሁ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ቤተሰብ ላለው ሰው ደሞዙ ይጠባል፣ እሱን አልደብቃችሁም።

አገር ቤትና አረብ አገር ያላችሁ ዘመዶች ደሞ በአፕረንቲስ ቪዛ እንግሊዝ እናስገባችኋለን የሚል ሰው ብር ከጠየቃችሁ አትስጡ፣ ላም አለኝ በሰማይ ነው፣ የ3 ዓመቱ የነዋሪነት ህግ ብቻውን ይዘጋዋል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ትልልቆቹ ድርጅቶች ብዙዎቹ ማስታወቂያ የሚያወጡት ከሴፕቴምበርና ኦክቶበር ጀምሮ ነው፣ አንዳንዱ ከገና በፊት ይዘጋል፣ በቂ ሰው ካገኘ ከተባለው ቀን ቀድሞም ይዘጋል፣ ስራው የሚጀምረው ግን በሚቀጥለው ሴፕቴምበር ነው። ስለዚህ ልጁ ይር 12 ሲጨርስ ባለው ክረምት ሲቪውም ፖርትፎሊዮውም ተዘጋጅቶ ማለቅ አለበት። የመንግስቱ ፋይንድ አን አፕረንቲስሺፕ ላይ አካውንት ይክፈት፣ ማንቂያውን ያብራ፣ የሚፈልጋቸውን ድርጅቶች ገጽ ደሞ ለብቻ ይከታተል፣ ሁሉም እዛ ላይ አይወጣምና። ሲቪ የሚያይለት ሰው ያጣ ልጅ ካለ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አያለሁ፣ ብቻ ፒዲኤፍ አድርጎ ይላከው በስልክ ፎቶ አንስቶ አይደለም።