ለሴቶች ያልተፈቀደው ርቀት፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም የምንመልሳቸው በሴቶች ስፖርት ታሪክ ላይ ከአንባቢያን የደረሱንን ጥያቄዎች ነው። አብዛኞቹ «የመጀመሪያዋ ማን ናት?» የሚሉ ናቸው፤ እኛ ግን ከስሙ ጎን ለጎን ያቺ የመጀመሪያዋ ሴት ለምን ያን ያህል ዘግይታ እንደመጣችም ለመንገር ሞክረናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሊምፒክ 800 ሜትር የሮጡት ሴቶች በብዛት ተዝለፍልፈው በመውደቃቸው ርቀቱ ለረጅም ዘመን እንደታገደ አንብቤአለሁ። የሆነው በእርግጥ እንዲህ ነው? ሴቶች በኦሊምፒክ ማራቶን እስኪሮጡ ድረስስ ያን ያህል ጊዜ የፈጀው ለምንድን ነው?

መልስ፦ እገዳው እውነት ነው፤ ለእገዳው የተሰጠው ምክንያት ግን በአብዛኛው ጋዜጦች ያጋነኑት ወሬ ነው። በፍጻሜው የተሰለፉት ዘጠኝ ሯጮች ሲሆኑ ዘጠኙም ውድድሩን ጨርሰዋል። ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ በ2 ደቂቃ ከ16.8 ሰከንድ አሸንፋ የዓለም ክብረ ወሰን ያስመዘገበች ሲሆን፣ ይህን ሰዓት እስከ 1944 ድረስ ያሻሻለ አልተገኘም። ጃፓናዊቷ ኪኑዬ ሂቶሚ ሁለተኛ፣ ስዊድናዊቷ ኢንጋ ጌንትዘል ሦስተኛ ወጡ። ከውድድሩ በኋላ ትንፋሽ አጥሯቸው መሬት ላይ የተጋደሙ ነበሩ፤ ይህም 800 ሜትርን በሙሉ ኃይሉ የሮጠ ማንኛውም ሰው፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የሚያደርገው ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት ዘገባዎች ግን ሜዳውን የጦር ሜዳ አስመሰሉት። አንድ አሜሪካዊ ጸሐፊ እንዲያውም ሯጮቹን አሥራ አንድ አድርጎ ቆጥሮ አምስቱ ውድድሩን አቋርጠዋል ብሎ ጽፏል። ያልተሰለፉ ሯጮች እንዴት ሊያቋርጡ እንደቻሉ የጠየቀው ሰው ግን አልነበረም።

ለማነጻጸር ያህል ሃያ ዓመት ወደ ኋላ እንመለስ። በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ጣሊያናዊው የማራቶን ሯጭ ዶራንዶ ፒየትሪ ስታዲየሙ ውስጥ ደጋግሞ ወድቆ፣ በዳኞች ተደግፎ መስመሩን ካለፈ በኋላ ውጤቱ ተሰረዘበት። ሆኖም ንግሥት አሌክሳንድራ ዋንጫ ሸለመችው፤ ስሙም እስከ ዛሬ በክብር ይነሣል። በ1912 ደግሞ ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ ላዛሮ በስቶክሆልም ማራቶን ላይ ወድቆ በማግስቱ ሞተ። የወንዶች ማራቶን ግን ከመርሐ ግብሩ አልወጣም።

በሴቶቹ ላይ የተወሰነው ውሳኔ እንዲህ የቀለለው ተሳትፏቸው ራሱ ከመነሻው በግድ የተፈቀደ ስለነበር ነው። ዘመናዊውን ኦሊምፒክ ያቋቋመው ፒየር ደ ኩበርተን የሴቶችን ውድድር አጥብቆ ይቃወም ነበር። በሩን የከፈተችው ፈረንሳዊቷ አሊስ ሚልያ ናት። ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ አትሌቲክስን ለሴቶች አልፈቅድም ባለ ጊዜ በ1921 የሴቶችን ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረተች፤ በ1922ም በፓሪስ አምስት አገሮች የተሳተፉበትን «የሴቶች ኦሊምፒክ» በአንድ ቀን አካሄደች። በዚያ ቀን ከተካሄዱት ውድድሮች አንዱ 1000 ሜትር እንደነበር ልብ ይሏል። ከአምስተርዳም ስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ሴቶች ከ800 ሜትር የሚበልጥ ርቀት በአደባባይ ሮጠዋል ማለት ነው። የዓለም አትሌቲክስ ፌዴሬሽን ውድድሩ ከቁጥጥሩ እንዳይወጣ ስለሰጋ፣ ሚልያ «ኦሊምፒክ» የሚለውን ስም እንድትተው በምላሹ በ1928 ለሴቶች አምስት የአትሌቲክስ ውድድሮች እንዲገቡ ተስማማ። እነርሱም 100 ሜትር፣ 800 ሜትር፣ የ4 በ100 ሜትር ዱላ ቅብብል፣ ከፍታ ዝላይ እና ዲስከስ ውርወራ ነበሩ። የብሪታንያ ሴት አትሌቶች ውድድሮቹ ጥቂት ናቸው በማለት ሳይሳተፉ ቀሩ። ከአምስቱ መካከል ርዝመት ያለው ብቸኛው ሩጫ፣ 800 ሜትር፣ በዚያው ተሰረዘና እስከ 1960ው የሮም ኦሊምፒክ ድረስ አልተመለሰም።

ስለ ሂቶሚ አንድ ነገር ሳንል ማለፍ አንፈልግም። አምስተርዳም የሄደችው 100 ሜትርን ለማሸነፍ ነበር፤ ለፍጻሜው ሳታልፍ ስትቀር ወደ 800 ሜትር ገብታ ብር አገኘች፤ በኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኘችም የመጀመሪያዋ ጃፓናዊት ሆነች። ውድድሩ በተካሄደ ልክ በሦስተኛ ዓመቱ፣ ኦገስት 2 ቀን 1931፣ በ24 ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተች።

ማራቶኑን በተመለከተ፣ ሴቶች ርቀቱን መሮጥ የጀመሩት ፈቃድ ከማግኘታቸው በፊት ነው። በ1896 በአቴንስ ስታማታ ሬቪቲ የተባለች ግሪካዊት ከወንዶቹ ጋር እንዳትሮጥ ስትከለከል በማግስቱ ርቀቱን ብቻዋን ሮጠች፤ ስታዲየሙ ውስጥ እንድትገባ ግን አልተፈቀደላትም። በ1966 ቦቢ ጊብ የቦስተን ማራቶንን ለመሮጥ ብታመለክት ሴት ይህን ርቀት አትችልም የሚል ምላሽ ደረሳት። እርሷም በመነሻው አካባቢ ቁጥቋጦ ውስጥ ተደብቃ ቆይታ፣ ሯጮቹ ሲነሡ ተቀላቅላ በ3 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ገደማ ጨረሰች። በዓመቱ ካትሪን ስዊትዘር ስሟን በመጀመሪያ ፊደላት ብቻ አስመዝግባ 261 ቁጥር ተሰጣት። የውድድሩ ኃላፊ መንገድ ላይ ደርሶባት ቁጥሩን ከልብሷ ሊነጥቃት ሲታገል የሚያሳየው ፎቶግራፍ በዓለም ተሰራጨ። በፎቶው ምክንያት ብዙ ሰው የሚያውቀው ስዊትዘርን ነው፤ በዚያው ቀን ጊብ ያለ ቁጥር ሮጣ አንድ ሰዓት ገደማ ቀድማት መግባቷ ግን እምብዛም አይነገርም። ቦስተን ሴቶችን በይፋ የተቀበለው በ1972 ነው። ኦሊምፒክ በዚሁ ዓመት 1500 ሜትርን ለሴቶች ሲፈቅድ፣ ማራቶኑ የተፈቀደው በ1984 በሎስ አንጀለስ ሆነ፤ ጆአን ቤኖይት ገና በማለዳው ከተከታዮቿ ተነጥላ በ2፡24፡52 አሸነፈች። በዚያ ውድድር ስዊዘርላንዳዊቷ ጋብሪዬላ አንደርሰን ሺስ በሙቀት ተዳክማ የመጨረሻውን ዙር እየተንገዳገደች ከአምስት ደቂቃ በላይ ፈጅታ 37ኛ ሆና ጨረሰች። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበላት፤ ርቀቱ ይሰረዝ ያለ አልነበረም። ከአምስተርዳም እስከ ሎስ አንጀለስ 56 ዓመት ነው።

ጥያቄ፦ ደራርቱ ቱሉ በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት ስል ባልደረባዬ አይደለችም ብሎ ይከራከረኛል። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ባልደረባዎ አባባልዎን እንደጻፉት ከወሰዱት ትክክል ናቸው፤ እርስዎም አንድ ቃል ቢጨምሩ ትክክል ይሆናሉ። በ1952 በሄልሲንኪ ደቡብ አፍሪካውያኑ ኤስተር ብራንድ በከፍታ ዝላይ፣ ጆአን ሃሪሰን በ100 ሜትር የጀርባ ዋና ወርቅ አግኝተዋል። በ1980 የዚምባብዌ የሴቶች የሜዳ ሆኪ ቡድን በሞስኮ አሸንፏል። በ1984 ደግሞ ሞሮኳዊቷ ነዋል ኤል ሙተወኪል በ400 ሜትር መሰናክል በ54.61 ሰከንድ ወርቁን ወስዳለች። ደራርቱ ኦገስት 7 ቀን 1992 በባርሴሎና 10,000 ሜትርን በማሸነፍ የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ሆነች። አልጄሪያዊቷ ሐሲባ ቡልመርካ በማግስቱ 1500 ሜትርን አሸነፈች።

ከማዕረጉ ይልቅ እኛን የሚያስገርመን ቀኑ ነው። ነዋል ባሸነፈችበት ጊዜ የሴቶች 400 ሜትር መሰናክል በኦሊምፒክ ሲካሄድ የመጀመሪያው ነበር። የሴቶች 10,000 ሜትር የገባውም በ1988 በሴኡል ስለሆነ ደራርቱ ያሸነፈችው በሁለተኛው ነው። ፋጡማ ሮባ በ1996 በአትላንታ በ2፡26፡05 ያሸነፈችው ማራቶንም ገና አራተኛው ነበር። ስለዚህ «አፍሪካውያን ሴቶች ለምን ዘገዩ?» የሚል ሰው ሲገጥምዎ፣ የሚወዳደሩበት ርቀት መቼ እንደተፈቀደ መልሰው ይጠይቁት።

የባርሴሎናው ሩጫ ራሱ ዛሬም ቢታይ አይሰለችም። ደቡብ አፍሪካዊቷ ኤላና ማየር ብዙ ዙሮች ሲቀሩ ፍጥነቱን ጨምራ ሌሎቹን ስትበትን የተከተለቻት ደራርቱ ብቻ ነበረች። እስከ መጨረሻው ዙር ድረስ ከኋላዋ ሳትለይ ቆይታ ተፈትልካ ወጣችና በ31፡06.02 ጨረሰች። ከዚያም ሁለቱ እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ፤ ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ምክንያት ከ1960 ጀምሮ ከኦሊምፒክ ርቃ የተመለሰችው በዚያ ዓመት ነበርና ትርጉሙ ለሁሉም ግልጽ ነበር።

ጥያቄ፦ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈችው ሴት ማን ናት?

መልስ፦ በ1900 በፓሪስ ስዊዘርላንዳዊቷ ኤሌን ደ ፑርታሌስ ባሸነፈው የጀልባ ቡድን ውስጥ ነበረች። በግል ውድድር ደግሞ የቀደመችው በሜዳ ቴኒስ ያሸነፈችው እንግሊዛዊቷ ሻርሎት ኩፐር ናት። በዚያው ዓመት በጎልፍ ያሸነፈችው አሜሪካዊቷ ማርጋሬት አቦት የተወዳደረችው ኦሊምፒክ ላይ መሆኑን ሳታውቅ በ1955 ሞታለች። ውድድሮቹ ከዓለም አቀፉ ኤግዚቢሽን ጋር ተደባልቀው ስለነበር አያስደንቅም።

ጥያቄ፦ ወልዳ ከተመለሰች በኋላ ያሸነፈች አትሌት የዘመናችን ክስተት ብቻ ናት ወይስ ቀድሞም ነበረች?

መልስ፦ ቀድሞም ነበረች፤ ምናልባትም ከሁሉ የላቀውን ያደረገችው ሆላንዳዊቷ ፋኒ ብላንከርስ ኩን ናት። በ1936 በ18 ዓመቷ በበርሊን ተወዳድራ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ኦሊምፒኮች በጦርነቱ ምክንያት ቀርተው፣ በ1948 ለንደን ስትደርስ የ30 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነበረች። ቤቷ ብትቀመጥ ይሻላት ነበር ያሉ ጥቂት አልነበሩም። እርሷ ግን በ100 ሜትር፣ በ200 ሜትር፣ በ80 ሜትር መሰናክል እና በዱላ ቅብብል አራት ወርቅ ወሰደች፤ 200 ሜትሩን ያሸነፈችው በ0.7 ሰከንድ ልዩነት ነበር። አንዲት ሴት በግል ከሦስት በላይ ውድድር እንዳትገባ ደንቡ ስለሚከለክል በርዝመት ዝላይ አልተሳተፈችም። የለንደኑ ወርቅ የተገኘው 5.695 ሜትር በመዝለል ሲሆን፣ የእርሷ የዓለም ክብረ ወሰን ደግሞ 6.25 ሜትር ነበር። አምስተኛውን ወርቅ ደንቡ አስቀረባት ብንል አላጋነንም።

ደራርቱም ልጅ ከወለደች በኋላ በ2000 በሲድኒ 10,000 ሜትርን ዳግም አሸንፋለች። አሜሪካዊቷ አሊሰን ፌሊክስ በ2018 ከወለደች በኋላ ስፖንሰሯ ክፍያዋን ሊቀንስ መፈለጉን በ2019 በይፋ ጻፈች፤ ከዚያ ወዲህ የስፖርት ዕቃ አምራቾች በውላቸው ለወላዶች ዋስትና ማካተት ጀመሩ። በ1948 የብላንከርስ ኩን ተቺዎች ያነሡት ስለ ቤቷ ነበር፤ በ2019 ክርክሩ ስለ ውል ሆነ። ይህን እንደ መሻሻል እንቆጥረዋለን።

ጥያቄ፦ የሴቶች እግር ኳስ ገና ትናንት የተጀመረ ስፖርት ስለሆነ ተመልካች የለውም ይባላል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ዲሴምበር 26 ቀን 1920 በሊቨርፑል ጉዲሰን ፓርክ የዲክ ከር ሴቶች ቡድን ከሴንት ሄለንስ ጋር ሲጫወት ስታዲየም የገባው ሕዝብ 53,000 ነበር። በዓመቱ፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ ክለቦች ሜዳቸውን እንዳይሰጧቸው ወሰነ፤ እገዳው ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጸና። ምዕራብ ጀርመን ከ1955 እስከ 1970፣ ብራዚል ከ1941 እስከ 1979 ተመሳሳይ እገዳ ነበራቸው። የመጀመሪያው የሴቶች ዓለም ዋንጫ በ1991 በቻይና ሲካሄድ እንኳ ጨዋታው 90 ሳይሆን 80 ደቂቃ ተደረገ። ኤፕሪል 22 ቀን 2022 ባርሴሎና ከቮልፍስቡርግ ጋር ሲጫወት ደግሞ ካምፕ ኑ 91,648 ተመልካች ነበረው። ተመልካቹ በ1920ም ነበር፤ የተወሰደባቸው ሜዳው ነው።

ጥያቄ፦ ዛሬ የሴቶችና የወንዶች የኦሊምፒክ ውድድሮች ሙሉ በሙሉ እኩል ሆነዋል?

መልስ፦ ወደዚያው ተቃርበዋል። የሴቶች 3000 ሜትር መሰናክል በ2008፣ ቦክስ በ2012፣ ወንዶች ከ1908 ጀምሮ የሚዋኙት 1500 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ደግሞ በቶኪዮ ተጨመረ። በ2024 በፓሪስ የወንዶችና የሴቶች ኮታ እኩል ሆኗል። ለወትሮው በወንዶች ማራቶን የሚጠናቀቀው የአትሌቲክስ መርሐ ግብርም በሴቶቹ ተጠናቋል፤ ሲፋን ሀሰን ትዕግሥት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ በ2፡22፡55 ያሸነፈችው ያኔ ነው።

የክረምቱ ኦሊምፒክ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። የሴቶች የበረዶ ሸርተቴ ዝላይ የተፈቀደው በ2014 ነው። ከዚያ አስቀድሞ፣ ለ2010ሩ የቫንኩቨር ኦሊምፒክ በተሠራው አነስተኛ መዝለያ ላይ ከወንድም ከሴትም ረጅሙን ርቀት ዘልላ የነበረችው አሜሪካዊቷ ሊንዚ ቫን ነበረች፤ ኦሊምፒኩ ሲጀመር ግን በዚያው መዝለያ እንድትወዳደር አልተፈቀደላትም። ዝላይን ከሸርተቴ ሩጫ ጋር የሚያጣምረው ኖርዲክ ኮምባይንድ ከ1924 ጀምሮ ለወንዶች ሲካሄድ ቆይቶ፣ በ2026ቱ የሚላኖ ኮርቲና መርሐ ግብርም ለሴቶች አልተካተተም።