ከምርጫው በኋላ፦ ካናዳ ወይስ ፖርቹጋል?

ወንድሜ፣ የ2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ውጤት አንገብግቦህ «ካናዳ ልግባ ወይስ ፖርቹጋል?» ብለሃል። ንዴትህ ይገባኛል። በ2016 በምርጫው ሌሊት እኔም ስልኬን ይዤ የካናዳ ኢሚግሬሽንን ድረ ገጽ ስነካካ ነበር። ሰው በዝቶበት አልከፍት አለኝ።

መጀመሪያ የያዝከውን ወረቀት እይ። ግሪን ካርድ ከሆነ፣ ያለ መመለሻ ፈቃድ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ መቆየት የመኖሪያ ፈቃድህን ሊያሳጣህ ይችላል። ዜጋ ከሆንክም የትም ብትኖር የአሜሪካ ታክስ ይከተልሃል።

እኔ ብሆን ካናዳን እመርጣለሁ። ቋንቋው አያስቸግርህም፤ ቶሮንቶ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ እንጀራም አታጣም። ግን ካናዳ የሚገባውን የሚመርጡት ነጥብ ቆጥረው ነው፦ ትምህርት፣ ቋንቋ፣ የሥራ ልምድ፣ ዕድሜ። 30 ከሞላህ የዕድሜው ነጥብ በየዓመቱ ይቀንሳል። ስለዚህ አይኤልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ፈተና፣ ጄኔራል የሚባለውን ዓይነት፣ ቶሎ ተፈተን። ያለ ቋንቋ ፈተና ውጤት በኤክስፕረስ ኢንትሪ፣ ማለትም ካናዳ ባለሙያዎችን በምትቀበልበት የኦንላይን ማመልከቻ ሥርዓት፣ ፕሮፋይል እንኳን መክፈት አትችልም።