መልስ፦ ሶላሩን ጣሪያ ላይ ወይስ ግቢ ውስጥ?
ወንድሜ፣ ጎንደር አዘዞ ያለው ቤትህ ጣሪያው ያረጀ ቆርቆሮ፣ ግቢው ደግሞ ሰፊ ከሆነ፣ ሶላሩን መሬት ላይ ትከለው። ለማጽዳት ይቀላል። ከስሩ አየር ስለሚያገኝም ብዙ አይግልም፤ ፓነል ሲግል ኃይሉ ይቀንሳል።

ከሁሉም በፊት ግን ጥላውን እይ። የጎረቤት ባሕር ዛፍ ጠዋትና ማታ የት ድረስ እንደሚያጠላ ተከታተል። በተለይ በታኅሣሥ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስታዘነብል ጥላው ይረዝማል። አንድ ፓነል ላይ ያረፈ ጥላ አብረውት የተያያዙትንም ሊያደክም ይችላል።

ፊቱን ወደ ደቡብ አዙረህ 15 ዲግሪ ያህል አዘንብለው። ጠፍጣፋ ካደረግከው የበጋው አቧራ ይተኛበታል፤ የክረምቱ ዝናብም በደንብ አያጥበውም።

ሞኖክሪስታሊን የሚባለውን፣ ከአንድ ወጥ የሲሊከን ክሪስታል የሚሠራውን የፓነል ዓይነት ግዛ። የብረቱ እግር በኮንክሪት ይያዝ፤ ከብትና ፍየል እንዳይደርስበትም አጥረው። የመሬት ሽቦውን፣ ማለትም አደገኛውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደውን ሽቦ፣ አደራ እንዳትተወው፤ የጎንደር ክረምት መብረቅ አያጣውም።