እንግሊዝኛ ለምትጽፉ ልጆች፦ ቃሉን ከነጓደኛው ያዙት

ልጆች፣ እኔ የሰው እንግሊዝኛ ሳርም ያረጀሁ ሰው ነኝ። ሪፖርት፣ ማመልከቻ፣ የምርምር ጽሑፍ፣ ምኑ ቅጡ! የእናንተ ሰዋስው ብዙም አያሳስበኝም፤ እሱን ኮምፒውተሩም ያርምላችኋል። ጽሑፋችሁን የሚያሻክረው ቃላቱ ከማን ጋር እንደሚሄዱ አለማወቅ ነው።

አማርኛ «ሠራ» ብሎ በአንድ ግስ የቤት ሥራውንም ስህተቱንም ይገላገላል። እንግሊዝኛ ይለያቸዋል፦ «ዱ ሆምወርክ»፣ «ሜክ ኤ ሚስቴክ»። ቴሌቪዥን እኛ «እንከፍታለን»፤ እነሱ ዘንድ ግን «ኦፕን» ሳይሆን «ተርን ኦን» ነው። ዝናቡ «ሄቪ» ሲሆን ነፋሱ «ስትሮንግ» ይሆናል። ደንብ ፍለጋ አትድከሙ፣ ልማድ ነው።

በጣም የሚያደክመኝ ግን «ዲስከስ አባውት» ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከሚለው ተጎትቶ የመጣ «አባውት» ነው። «ዲስከስ» ብቻውን ይበቃል። የሚያሳስተውም አለ፦ ስሙ፣ «ዲስከሽን»፣ «አባውት»ን ይቀበላል። «ኢምፋሳይዝ»ም እንደዚሁ ነው። ግሱ «ኦን» አይፈልግም፣ «ኢምፋሲስ» የሚለው ስም ግን ይፈልጋል። ግስና ስም ዘመድ ስለሆኑ ብቻ አንድ ዓይነት ጠባይ አላቸው ብላችሁ አታስቡ።

እንግዲህ አዲስ ቃል ስታጠኑ ብቻውን ደብተር ላይ አትጻፉት። «ዲሲዥን» ብላችሁ አትተዉት፤ «ሜክ ኤ ዲሲዥን» ብላችሁ ያዙት። ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የኦክስፎርድ የኮሎኬሽን (አብረው የሚሄዱ ቃላት) መዝገበ ቃላት ለዚሁ የተዘጋጀ ነው። ስትጠቀሙበት ከስሙ ተነሱ፤ ከየትኛው ግስና ቅጽል ጋር እንደሚሄድ ይዘረዝርላችኋል። መጽሐፉ ከሌላችሁ ቃላት በመጻሕፍት ውስጥ ምን ያህል እንደሚገኙ የሚያሳየው የጉግል ድረ ገጽ፣ ኤንግራም ቪወር፣ ነፃ ነው። «ሄቪ» ብላችሁ ቀጥሎ የኮከብ ምልክት ብታደርጉ፣ በመጻሕፍት ውስጥ በብዛት የሚከተሉትን አሥር ቃላት ያሳያችኋል። ተራውን የኢንተርኔት ፍለጋ ግን ብዙ አትመኑት። «ዲስከስ አባውት»ም እልፍ ጊዜ ይገኝበታል፤ የጻፉት እንደ እናንተ ተማሪዎች ሊሆኑ ይችላሉ።

ቃል መድገም አስጠልቷችሁ ተመሳሳይ ቃል የምታሳድዱም አላችሁ። ተዉት ባይ ነኝ። «ቢግ»ና «ላርጅ» ትርጉማቸው አንድ ይመስላል፤ «ቢግ ሚስቴክ» ያስኬዳል፣ «ላርጅ ሚስቴክ» ግን ጆሮ ይቆረቁራል። ከሁለቱ መድገሙ ይሻላል። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ደግሞ ሁሉንም ለማጣራት አትጨነቁ። ከአማርኛ ቀጥታ ያመጣችኋቸውን ግሶች ብቻ አስምሩባቸውና እነሱን ፈትሹ።