መልስ፦ ማስተርስ ይቅደም ወይስ ፒኤምፒ?

እህቴ፣ ቃሊቲ የፋብሪካ ፍሳሽ ማጣሪያ ግንባታ ላይ ሳይት መሐንዲስ ነሽ፤ ፕሮጀክት ማናጀር ለመሆን ማስተርስ ይቅደም ወይስ ፒኤምፒ (የፕሮጀክት አመራር የሙያ ምስክር ወረቀት) ብለሻል። እኔ ሁለቱም ይቆዩ ባይ ነኝ። ፒኤምፒ በመጀመሪያ ዲግሪ የ36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ የመራሽውን ሥራ ከነቀኑ ካሁኑ መዝግቢ።

አሁን ከኮንክሪቱ ወጥተሽ ኮሚሽኒንግ (የተገነባውን ማጣሪያ ፈትሾ ሥራ ማስጀመር) ውስጥ ግቢ። ማናጀር የሚፈተነው እዚያ ነው። ፓምፑ ዞረ፣ ብሎወሩ (አየር መንፊያ ማሽኑ) ነፋ ማለት ማጣሪያው ሠራ ማለት አይደለም፤ ፍሳሹን የሚያጣራው ባክቴሪያ እስኪረባ ሳምንታት ይፈጃል፣ ፋብሪካው በግማሽ አቅም ካመረተ ደግሞ ባክቴሪያው ምግብ ያጣል። ይህን ጊዜ መርሐ ግብሩ ላይ ያልያዘ ሰው የመጨረሻ ክፍያው ይንጠለጠልበታል። ብሎወሩ በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና ከውጭ) የሚመጣ ከሆነ ትዕዛዙ የሲቪል ሥራው ሳያልቅ ይውጣ። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩ ብሎወሩን መሸከም አለበት፤ የቢሮ አምፖል ብቻ የሚያበራው ሞልቷል።

በየጠዋቱ ከአየር ገንዳው (ብሎወሩ አየር ከሚነፋበት) አንድ ሊትር በሲሊንደር ቀድተሽ ለ30 ደቂቃ አስቀምጪ። ዝቃጩ (ባክቴሪያው ያለበት ጭቃ) 300 ሚሊ ሊትር ላይ ቢረጋና በገንዳው ውኃ ውስጥ ያለው ጠጣር በሊትር 3 ግራም ቢሆን፣ 300 ለ3 ሲካፈል 100፤ ይህ የዝቃጩን አረጋግ የሚያሳይ ቁጥር (ኤስቪአይ) ነው፣ 100 ደህና ነው። ከ150 በላይ ከወጣ ዝቃጩ በደንብ አይረጋም፤ ኦክስጅኑንና የናይትሮጅን-ፎስፈረሱን መጠን መርምሪ። ይህን ቁጥር ለደንበኛው ማስረዳት የሚችል መሐንዲስ ስብሰባ ላይ ይፈለጋል።

አዋጅ ቁጥር 299/1995ን (የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ) እና 300/1995ን (ብክለት ቁጥጥር) ግን ዛሬውኑ አንብቢ፤ አጫጭር ናቸው።