ስንት ቀን ዘለልሽ?

ባለፈው ቅዳሜ ጣና ዳር፣ ዛፍ ሥር ጀበና ቡና ከምታፈላው ልጅ ዘንድ ተቀምጬ ነበር። አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አየችኝና መጥታ አጠገቤ በርጩማ ሳበች። ቤተሰቧን አውቃለሁ። ኩላሊት የሰጣት ታላቅ ወንድሟ ነው። ስለ ፈተና፣ ስለ ዶርም ምግብ ስናወራ ቆየንና ድንገት «ሲስተር፣ መድኃኒቱን አንድ ሁለት ቀን ብዘል ግን ምን ይሆናል?» አለችኝ።

ስኒው እጄ ላይ ቀረ። ይህን ነገር ከዓመታት በፊት ከሌላ ልጅ ሰምቼዋለሁ። ያኔ የመለስኩት መልስ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ኩላሊት ለተተከለላችሁ ልጆች ይህን የምጽፍላችሁም ለዚያ ነው።

31 ዓመት ነርስ ነበርኩ። የመጨረሻዎቹን ዓመታት ያሳለፍኩት ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች ደማቸው በማሽን የሚታጠብበት ዲያሊሲስ ክፍል ነው። በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሲጀመር፣ እኛ ክፍል ውስጥ ማሽን ላይ ተኝተው ወሬውን የሰሙ ሰዎች ፊት አይረሳኝም። ከዚያ በፊት እኮ ህንድ ለመሄድ በየመንገዱ ፎቶ ተለጥፎ ገንዘብ ይለመን ነበር።

ያ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ልጅ የዘጌ ልጅ ነው። እናቱ ቡናዋን በጀልባ ወደ ባሕር ዳር እያመጣች ትሸጣለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አራት አራት ሰዓት ማሽን ላይ ሲተኛ እሷ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። በ17 ዓመቱ ኩላሊቷን ሰጠችው። አዲስ አበባ ቆይተው ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኛ ክፍል መጣ። ውሃ በቡና ስኒ እየተለካ ሲሰጠው የኖረ ልጅ ሀይላንዱን ከፍቶ ፊቴ ግጥም አድርጎ ጠጣው። ከዚያ ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብሎ «ሲስተር፣ እንደ ሰው እሸናለሁ» አለኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ሳቄ ወደ ለቅሶ ሄደብኝና መጋረጃ ያዝኩ።

መድኃኒቱ ሦስት ዓይነት ነበር፤ ታክሮሊመስ፣ ማይኮፌኖሌትና ፕሬድኒሶሎን። ጠዋት 2 ሰዓት፣ ማታ 2 ሰዓት። የሰውነታችን መከላከያ ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ነው የሚያየው፤ የእናት ቢሆንም አይምርም። መድኃኒቱ ያንን መከላከያ ያረጋጋዋል። ሲቋረጥ ይነሳል። ችግሩ ሲነሳ አያምም። ልጁ ዘሎም ደህና ነው፣ ኳስ ይጫወታል፣ ይበላል። «ያለ መድኃኒትም እችላለሁ ማለት ነው» ብሎ ያስባል።

ደግሞ ፕሬድኒሶሎኑ ፊቱን አሳበጠው። ብጉር አወጣበት። ትምህርት ቤት ስም አወጡለት። በ17 ዓመት ፊት ምን ማለት እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም።

አንድ ቀን ለክትትል መጣ። ኮሪደሩ በሰው ተሞልቷል። ካርዱን እየጻፍኩ ሳለ ቀስ ብሎ «ሲስተር፣ ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን አልወሰድኩም» አለኝ። ልብ በሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው ነው የነገረኝ። ምን ያህል ቀን አስቦበት፣ በጀልባ እየመጣ ምን ያህል ጊዜ ለራሱ ደጋግሞት እንደሆነ ዛሬ ነው የሚታየኝ።

እኔ ጮኽኩበት። «እናትህ ገላዋን አስቀድዳ የሰጠችህን አንተ እንዲህ ትጫወትበታለህ?» አልኩት። ኮሪደሩ ጸጥ አለ። ከወረፋው ውስጥ አንድ ሰው ከንፈሩን መጠጠ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ማሰሪያ ያይ ነበር፤ ማሰሪያው አልተፈታም። ደክሞኝ ነበር፣ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ግን ሁልጊዜ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ሰበብ አይሆንም።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው። «ወስጃለሁ።» ቀጠሮው ሲደርስ ሦስት አራት ቀን አስተካክሎ ይወስዳል፣ በደሙ ውስጥ ያለው የታክሮሊመስ መጠን ጥሩ ሆኖ ይመጣል። እኛም ደስ ይለናል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬቲኒን ግን ከ1.1 ወደ 1.9፣ ከዚያ ከ3 በላይ ወጣ። ከሕያው ሰው የተወሰደ ኩላሊት 15፣ 20 ዓመት ሊያገለግል የሚችል ነው። የሱ ሦስት ዓመት አልሞላም። ወደዚያችው አልጋ፣ ወደዚያው ማሽን ተመለሰ። መርፌውን ክንዱ ላይ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አላየኝም።

እናቱ አንድ ቀን በፌስታል ነገር ይዛ መጣች። ፍራሹን ፀሐይ ልታሰጣ ስታነሳ ያገኘችው ነው። እንክብሎቹ በእርጥበት ለስልሰው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ማንበብ አትችልም። «ሲስተር፣ ይኸ የምን መድኃኒት ነው?» አለችኝ። አወቅኩት። «ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ይጣል» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝና «እንግዲያ የኔ ኩላሊት ደካማ ነበር ማለት ነው» አለች። የልጁን ምስጢር ላለማውጣት ብዬ ነው፤ ግን ዝም ብዬ ሸኘኋት።

አሁን ወደ እናንተ። ውሃ ጠጡ፣ ሲጋራ አታጭሱ የሚለውን ስለምታውቁት እተወዋለሁ። የዛሬ ልጆች አንድ ነገር አይገባኝም፤ ስልኩ ከእጃችሁ አይወርድም፣ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚጮህ ማንቂያ መሙላት እንዴት ያቅታል? ይኸው፣ አሁንም ልቆጣ ነው። የዚያ ልጅ ስልክ ማንቂያ ነበረው እኮ። ይጮሃል፣ ያጠፋዋል። አልረሳም። ፊቱን መልሶ ማግኘት ነበር የፈለገው። ያንን ቢነግረን ሐኪሙ መጠኑን ሊያይለት፣ ሌላ መንገድ ሊፈልግለት ይችል ነበር። በራስ ማቆምና ሐኪም ሲቀንስ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

ከአሥራዎቹ ማብቂያ እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ያለው ዕድሜ የተተከለ ኩላሊት በብዛት የሚጠፋበት ነው። ይህ በሌላውም ዓለም የታወቀ ነው። ከቤት የምትወጡበት፣ የሚያስታውሳችሁ ሰው የሌለበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ዶርም ውስጥ አንድ ሰው ይወቅላችሁ። አንድ ብቻ ይበቃል። ከዘለላችሁ ለማካካስ ብላችሁ ሁለት እጥፍ አትዋጡ፤ ክትትል ወደምታደርጉበት ደውሉ። መድኃኒት ቤት ገብታችሁ ሌላ ነገር ስትገዙም ተናገሩ፤ የራስ ምታት ብላችሁ የምትወስዱት አይቡፕሮፌን ኩላሊቱን ይጎዳል፣ አንዳንድ አንቲባዮቲክም የታክሮሊመሱን መጠን ያዛባል።

ጾምና ጸበል ላይ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። እኔ የማውቃቸው አባቶች መድኃኒት አቁም ብለው አያውቁም። እኔም እጾማለሁ፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት በጀልባ እየሄድኩ እሳለማለሁ፤ የደም ግፊት ክኒኔን ግን ጠዋት እውጣለሁ።

ወላጅ የሆናችሁ ደግሞ፣ «ኩላሊቴን ሰጥቼህ» አትበሉ። ልጁ ያውቀዋል። በየቀኑ ሁለት ጊዜ ነው የሚያስታውሰው።

ለተማሪዋ ያኔ ወዲያው አልመለስኩላትም። ቡናዬን አስቀመጥኩና ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ስንት ቀን ዘለልሽ?» አልኳት። ሐይቁን አየች። ታንኳ ላይ ያለ ሰው መረብ ይሰበስብ ነበር። «አራት» አለች።

«ጎበዝ፣ እንኳን ነገርሽኝ» አልኳት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ስልኳን አወጣችና እዚያው ፊቴ ወደ ክሊኒኩ ደወለች። መስመሩ ተይዟል፣ ደግማ ደወለች። በሦስተኛው ተነሳላት። እስክትጨርስ ድረስ እጇን ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ቡና የምታፈላዋ ልጅ ሁለተኛውን ቀድታ አመጣችልን።